በአረቅጥ ገበያ፤ ስለ ዕቃ አመራረጥና ስለ ነጋዴ ስም

የአንድን አገር ሕዝብ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ገበያውን ይጐብኝ። ሰው በቤቱ እንግዳ ሲቀበል ያለውን ሁሉ አሰማምሮ ያቀርባል፤ በገበያ ግን የሚሸጠውን ሲመዝንና የሚገዛውን ሲመርጥ ልቡ ሳይታወቀው ይገለጣል። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ አንዲት የደጋ ከተማ፣ ስለ አረቅጥ፣ ለመጻፍ በተነሣን ጊዜ፣ ነጋዴዎቿ ከሩቅ አገር የመጣውን ሸቀጥ እንዴት እንደሚመርጡ ማውሳቱ ለአንባቢዎቻችን የበለጠ የሚጠቅም ሆኖ አገኘነው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የልጆቻችንን ጤናና የቤተ ሰብን ስም የሚነካ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ዓለም ገናን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፎ 150 ያህል ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ወልቂጤ ይደርሳል። ከወልቂጤ ወደ ሆሣዕና የሚዘልቀው መንገድ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ የቸሃንና የእዣን አገር እያቋረጠ፣ ቀስ በቀስ ወደ ጉመር ደጋ ይወጣል። ከቆላው ሙቀት የወጣ ሰው በዚህ አቀበት ላይ ነጠላውን ደርቦ ይለብሳል፤ ብርዱ እየጸና፣ የእንሰቱ ቅጠል እየሰፋ፣ ሣሩም እየለመለመ ሲሄድ ወደ አረቅጥ መቃረቡን ያውቃል።

አረቅጥ የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ጉመርም ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ወደ ገጠሩ የገባ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያደንቀው ጀፎረ የሚባለውን የመንደር ጎዳና ነው። ጀፎረ ማለት በሁለት ወገን በተሰለፉ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር መስክ ነው፤ ሕፃናት ይጫወቱበታል፣ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፣ ሰርግና ልቅሶ ይውልበታል። ማንም ሰው ከጀፎረው ቈርሶ ወደ አጥሩ ሊያስገባ አይችልም፤ የሁሉ ነውና። ከጀፎረው ዳርና ዳር ረጃጅም የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች በተርታ ይታያሉ፤ ከየቤቱ ጀርባ ደግሞ የእንሰቱ ተክል እንደ ጫካ ጥቅጥቅ ብሎ ይቆማል።

ስለ እንሰት ጥቂት ሳንናገር ብናልፍ ስለዚህ አገር ምንም እንዳልተናገርን ይቈጠራል። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይጠበቃል፤ ከቦታ ወደ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፣ ከከብቶች በረት በሚወጣው ፍግ ይኰተኰታል። በደረሰ ጊዜ ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁታል፤ የተፋቀውም በጉድጓድ ተቀብሮ ከተብላላ በኋላ ቆጮ ይሆናል። ከእርሱም ቡላ ይወጣል፣ ከግንዱም ቃጫ ይገኛል። ዝናም ባጠረበት ዓመት እህል ሲጠፋ በጓሮ የቆመው እንሰትና በጉድጓድ ያለው ቆጮ ቤተ ሰቡን ያቆያል። እንዲህ ያለውን ተክል የሚያለማ ሕዝብ ነገን አስቦ መሥራትን ከልጅነቱ ይማራል፤ ይህም ትምህርት ወደ ንግዱ ጭምር እንደ ገባ እንመለከታለን።

እኛ አረቅጥ የደረስነው በመስቀል ሰሞን ነበረ። በዚህ ወራት የጉራጌ ተወላጅ የሆነ ሁሉ ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ ከተማ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል፤ ለበዓሉ የሚታረደው ሰንጋ ዓመት ሙሉ ሲቀለብ ከርሞ፣ ቅቤው ሲጠራቀም ሰንብቶ፣ ክትፎው ከቆጮና ከአይብ ጋር ይቀርባል። ገበያውም ያን ጊዜ ይደምቃል። በአንድ ወገን ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ጎመን፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቅቤና ማር ተደርድሮ ይታያል። በሌላው ወገን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣው ሸቀጥ ነው፤ ፔርሙስ፣ ጃንጥላ፣ ሳፋ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ በፀሐይ ኃይል የሚበራ መብራት፣ የሞባይል ስልክና ቻርጀር። ከዚህ ሸቀጥ እጅግ የሚበዛው የቻይና ሥራ ነው። ከቻይና በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ መርካቶ ይገባል፤ ከመርካቶ የጅምላ ነጋዴው ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ይልከዋል፣ ከእነዚያም ከተሞች የችርቻሮው ነጋዴ በሸክም መኪና ወደ አረቅጥ ያመጣዋል።

በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የጉራጌ ሰው ያልቆመበት ቦታ ጥቂት ነው። ብዙው ወጣት ሳለ ከአገሩ ወጥቶ፣ ጫማ በመጥረግ ወይም ዕቃ በማዞር ጀምሮ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ እየደረበ ባለ ሱቅ ሆኗል። የገንዘቡ ምንጭ ዕቁብ ነው፤ ዕቁብ ደግሞ ያለ ዋስና ያለ መተማመን አይቆምም። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከየኪሳቸው እያዋጡ ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ አስጠርገዋል። ያን የመሰለ ሥራ ሊሠራ የቻለው አንዱ የሌላውን ቃል ስለሚያምን ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ የጆካ ቂጫ በሚባለው ባህላዊ ሕግ ሽማግሌዎች ክርክር ሲሰሙ፣ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ክብሩን እንደሚያጣ ሁሉም ያውቃል።

በአረቅጥ ካየናቸው ነጋዴዎች መካከል ሱቃቸውን ከያዙ 40 ዓመት ያለፋቸው አንድ አረጋዊ ነበሩ። የቻይና ዕቃ ሲገዙ እንዴት እንደሚመርጡ በጠየቅናቸው ጊዜ ከመደርደሪያው ላይ ሁለት የፀሐይ መብራቶች አውርደው በፊታችን አኖሩ። ሁለቱም በመልክ አንድ ናቸው፤ በዋጋ ግን አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይረክሳል። «ይኸ ርካሹ የታወቀ ፋብሪካ ስም ተጽፎበታል፤ ነገር ግን አንድ ፊደል ጐድሎታል» አሉን። ካሁን ቀደም እንዲህ ያለውን መብራት በካርቶን ገዝተው ለጐረቤት ሁሉ እንደ ሸጡ፣ ክረምቱ ሳያልፍ ግማሹ ተበላሽቶ እንደ ተመለሰና ለሁሉም ገንዘቡን እንደ ከፈሉ ነገሩን። «የሠራው ሰው ቻይና ነው፤ ቻይና ደግሞ ሩቅ ናት። የሸጥኩት እኔ ግን እዚህ ነኝ፤ በልቅሶም በሰርግም እንገናኛለን» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሚመሩበት ሥርዓት ይህ ነው። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ አንድ ብቻ ገዝተው በቤታቸው አንድ ወር ያሠሩታል። የሠራው ፋብሪካ ስምና አድራሻ በካርቶኑም በዕቃውም ላይ በትክክል መጻፉን ያያሉ። ደረሰኝ የማይሰጥ የጅምላ ነጋዴ ዘንድ አይገዙም። ብልሽት ያለበትን መልሶ የሚወስድ መሆኑን በምስክር ፊት ያስነግራሉ። መለዋወጫው በወልቂጤ መገኘቱን ይጠይቃሉ። በመጨረሻም ዕቃው ማን እጅ እንደሚገባ ያስባሉ፤ ጃንጥላ ቢሰበር ባለቤቱ ይረጥባል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢበላሽ ግን ቤት ያቃጥላል። እኛም በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ስንኖር ከሱቅ ዕቃ የተነሣ ስንትና ስንት ክርክር እንደሚጻፍ ስለምናውቅ፣ ይህን ሥርዓት ሰምተን አደነቅን።

በዚያው ቀን ማታ በእኒሁ ሰው ቤት ተጋብዘን ሳለን ከመርካቶ ለበዓሉ የመጣው ልጃቸው አንድ ነገር ጠየቀን። ወጣቱ ዕቁብ ደርሶታል፤ አባቱም ዋስ ሆነውለታል። በገንዘቡ አዲስ የጅምላ ንግድ ሊጀምር አስቧል። «ጋሼ፣ እርስዎ ዐዋጅም ጋዜጣም ያነብባሉ» አለን። «በአዲስ አበባ ወጣቱ ቬፕ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ይፈልጋል። ሁሉም የቻይና ሥራ ነው፤ ስሙ ግን ብዙ ነው። የትኛው ፋብሪካ ይሻላል ይላሉ? ለመርካቶ በጅምላ፣ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ደግሞ በችርቻሮ ልሰጥ ነበር።»

ጥያቄው የነጋዴ ጥያቄ ስለ ሆነ በቅን ልብ የቀረበ ነው፤ ስለዚህ በቊጣ መመለስ አልተገባንም። ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው ከመነሻው ጀምረን ያወቅነውን ዘረዘርንለት፤ ለአንባቢዎቻችንም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ እንጽፈዋለን።

ይህ ዕቃ እንደ ሲጋራ በእሳት አይነድድም። በውስጡ ትንሽ ባትሪ፣ የሚግል የሽቦ ጥቅልና በፈሳሽ የራሰ ጥጥ አለበት። ሰው ሲስበው ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹም ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከሚባሉ ነገሮች፣ ከጣዕም ማጣፈጫና ብዙውን ጊዜ ከኒኮቲን የተቀመመ ነው፤ ኒኮቲን ማለት ሰውን በትምባሆ ሱስ የሚያስረው ቅመም ነው። የዛሬው ዓይነት በቻይና ሼንያንግ በሚባል ከተማ፣ ሆን ሊክ በሚባል የመድኃኒት ዐዋቂ፣ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ2003 ተፈለሰፈ። ሰውዬው ራሱ ብዙ ሲጋራ የሚያጨስ ነበረ፤ አባቱም በሳንባ ካንሰር ሞቶበታል። ስለዚህ በመጀመሪያ የታሰበው አጫሹን ከጭሱ ለማላቀቅ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራው ወደ ደቡብ ቻይና ወደ ሼንዘን ከተማ ተዛውሮ፣ በተለይ ባኦአን በሚባለው ክፍል እጅግ ብዙ ፋብሪካ ተተከለበት፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ከዚያ ይወጣል።

ስሞቹም ብዙዎች ናቸው። በቻይና አገር ውስጥ ስመ ጥር የሆነው ሬልክስ ነው፤ ስሙር የሚባለው ታላቅ ፋብሪካ ደግሞ ለሌሎች ኩባንያዎች እየሠራ ያቀርባል፣ ቬፖሬሶ የሚባለውንም በራሱ ስም ይሸጣል። በኤውሮጳና በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ የታወቁት ኤልፍ ባር፣ ሎስት ሜሪና ጊክ ባር ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ ፈሳሹ ሲያልቅ የሚሞላ ነው፤ አንዳንዱ ካርትሬጁ ብቻ የሚለወጥ ነው፤ አንዳንዱም አንድ ጊዜ ካለቀ ከነባትሪው የሚጣል ነው።

በተፈቀደበት አገር ያለ ነጋዴ ከእነዚህ መካከል ሲመርጥ የሚመለከታቸው ነገሮች አሉ። በኤውሮጳ ኅብረት ሕግ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ኒኮቲን አይፈቀድም፤ የፈሳሹም መያዣ ከ2 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ታዝዟል። ነጋዴው ዕቃው በመንግሥት መዝገብ መመዝገቡን፣ ባትሪው እንዳይፈነዳ መመርመሩን፣ በካርቶኑ ላይ ያለው የማረጋገጫ ቍጥር እውነተኛ መሆኑን ያያል፤ ምክንያቱም ስመ ጥር የሆነው ሁሉ በሐሰት ይቀዳል። እስከዚህ ድረስ ሲሰማ ወጣቱ ራሱን እየነቀነቀ በስልኩ ላይ ይጽፍ ነበር፤ የአባቱ የፀሐይ መብራት ሥርዓት ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ተረድቷልና።

ነገር ግን ከፋብሪካው ስም በፊት የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የአገሩ ሕግ ምን ይላል የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ቻይና ራሷ ያደረገችውን ማየት ያስተምራል። የቻይና መንግሥት በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ2022 ባወጣው ደንብ ይህን ዕቃ በትምባሆ ሞኖፖል ሥር አደረገ፤ ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ጀምሮም በአገሩ ውስጥ የፍራፍሬና የከረሜላ ጣዕም ያለው እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ በአምራቹና በአስመጪው ላይ 36 በመቶ፣ በጅምላ ሻጩ ላይ 11 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ወደ ውጭ አገር የሚላከው ግን የተቀባዩን አገር ሕግ እንዲከተል በደንቡ ተጽፏል። እንግዲህ ሻጩ አገር ለራሱ ልጆች የከለከለውን ጣዕም ወደ ሌላው አገር ሲልክ፣ ጥበቃውን ለተቀባዩ አገር ትቶለታል ማለት ነው።

ሌሎችም መንግሥታት እንደየሐሳባቸው አድርገዋል። ብራዚል በ2009፣ ሕንድ በ2019 ሽያጩን ከልክለዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለ ሥልጣን በግንቦት ወር 2023 ኤልፍ ባር በወደብ እንዲያዝ አዘዘ። እንግሊዝ ለአዋቂ አጫሾች ብትፈቅድም፣ አንድ ጊዜ ተስቦ የሚጣለውን ዓይነት ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከገበያ አስወጥታለች። የዓለም የጤና ድርጅት በዚሁ አቈጣጠር በ2023 መጨረሻ ባወጣው መግለጫ 34 አገሮች ሽያጩን እንደ ከለከሉ ተናግሯል።

ከእነዚህ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ፣ ቍጥር 1112/2011፣ ለትምባሆ ቍጥጥር ሰፊ ክፍል ሰጥቷል። በዚህ ዐዋጅ መሠረት የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ሺሻና ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ወደ አገር ማስገባትም ሆነ መሸጥ ክልክል ነው። ለተለመደው ሲጋራም ቢሆን ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አይሸጥም፤ በፓኬቱም ላይ 70 በመቶው ቦታ በሥዕል የተደገፈ የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ተደንግጓል። ስለዚህ ከኤልፍ ባርና ከሬልክስ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ በእኛ አገር መልሱ አንድ ነው፤ ሁሉም እኩል የተከለከሉ ናቸው። የተከለከለ ዕቃ ደግሞ የሕጋዊ ንግድ ደረሰኝ ሊኖረው አይችልም፤ ቢያዝ ይወረሳል፣ ቢበላሽ አይመለስም፣ ሻጩ ቢያታልል ገዢው ከሶ ገንዘቡን ማስመለስ ይቸግረዋል። የአባትየው ሥርዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል።

ወጣቱ ይህን ከሰማ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ አንድ ክርክር አቀረበ፤ ክርክሩም የሚናቅ አልነበረም። «አያቴ በዚህ ቤት ጋያ ሲስቡ ነው ያደግነው። ማንም አልከለከላቸውም። ሲጋራስ ዛሬም በየሱቁ ይሸጥ የለም? በውጭ አገር ሐኪሞች ቬፕ ከሲጋራ ይሻላል ይላሉ» አለ።

በእውነትም ጋያ በጉራጌ አገር የቆየ ነገር ነው፤ ትምባሆውም በጓሮ ይተከል ነበር። በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን አጥብቃ ስትቃወም ኖራለች፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ያጨሰውን ሰው ከንፈሩን ያስቈርጡ ነበር ተብሎ ይነገራል። በኋላ ግን ትምባሆ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ሆኖ የገቢ ምንጭ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ጨምሮ ዋናው ባለቤት ሆነ። ስለ ሐኪሞቹም የተናገረው ሐሰት አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ሲጋራን መተው ያቃተው አዋቂ ሰው ወደዚህ ዕቃ ቢዞር ጉዳቱ እንደሚቀንስለት ይነገረዋል፤ በእሳት የነደደ ትምባሆ የሚያወጣው ጭስ እጅግ የከፋ ነውና።

ነገር ግን ይህ ምክር ለአጫሽ የተሰጠ ነው። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የትምባሆ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ቬፕ የሚገዛው ማን ነው? አብዛኛው የማያጨስ ወጣት ነው፤ ከዚህ በፊት ያልነበረበትን ሱስ በማንጎና በእንጆሪ ጣዕም አጣፍጦ የሚጀምር ልጅ ነው። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ማደጉን አያቆምም፤ ኒኮቲንም በዚህ ዕድሜ የገባ እንደሆነ ትኩረትንና ትምህርትን ይጐዳል፣ ሱሱም ይጸናል። አያትየው ጋያቸውን የሚስቡት ሁሉ እያያቸው በእሳት ዳር ተቀምጠው ነው፤ ጢሱ ይታያል፣ ሽታውም ይታወቃል። ይህ ግን በተማሪ ኪስ ውስጥ እንደ እስክርቢቶ ተሸሽጎ ትምህርት ቤት ይገባል።

አባትየው እስከዚያ ድረስ በዝምታ ያዳምጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጃቸውን «ለማን ልትሸጠው ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም «ለወጣት ነዋ፣ አባዬ» አለ። «የየት አገር ወጣት?» አሉት። ልጁ አልመለሰም። በአረቅጥ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ወጣቱ ሁሉ የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ልጅ ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ገዢ የለም። አረጋዊውም «ለዕቁቡ ዋስ የሆንኩት ስሜን ይዤ ነው። ብሩ ቢጠፋ ሠርተህ ትተካዋለህ፤ ስሜን ግን ከየት ታመጣዋለህ?» አሉት። በዚያ ሌሊት ስለዚህ ነገር ሌላ ቃል አልተነገረም።

በማግስቱ ወጣቱ በስልኩ የጻፈውን ዝርዝር አሳየን። የቬፕ ስሞች ተሰርዘው በስፍራቸው የፀሐይ መብራት፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርና የወፍጮ መለዋወጫ ተጽፎ ነበር። ትርፉ ከመጀመሪያው ዕቅድ እንደሚያንስ እርሱም ያውቃል፤ ስለዚህም ፊቱ ሙሉ በሙሉ አልፈካም ነበር። ዕቁብ የበላ ሰው በየጊዜው የሚጥለው ገንዘብ አለበትና ሐሳቡ ቀላል አይደለም። የሆነ ሆኖ የውሃ መሳቢያውን ከየትኛው የቻይና ፋብሪካ መግዛት እንደሚገባው ከአባቱ ጋር ሲከራከር ትተነው ወጣን፤ አባትየው «አንዱን አምጥተህ መጀመሪያ በእኛ ጕድጓድ እንሞክረው» ይሉ ነበር።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ከዚህ ነገር ሁለት ምክር እናወጣለን። የመጀመሪያው ለነጋዴዎች ነው። የጅምላም ሆነ የችርቻሮ ነጋዴ የሆናችሁ ሁሉ፣ አዲስ ዕቃ ሲቀርብላችሁ ስለ ፋብሪካው ስም ከመጠየቃችሁ በፊት በአገራችን የተፈቀደ መሆኑን ጠይቁ። ስለ ምግብ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ትምባሆ የሆነ እንደሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለ ሥልጣን አለ። ከዚያ ቀጥሎ ደረሰኙን፣ የአምራቹን አድራሻ፣ የሚመለስበትን ውልና መለዋወጫውን መርምሩ። ፈጥኖ የሚያተርፍ ነገር ሁሉ ፈጥኖ ያከስራል ባንልም፣ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ መሆኑን አትርሱ።

ሁለተኛው ለአባቶችና ለእናቶች ነው። ይህ ዕቃ ሲጋራን ላይመስል ይችላል፤ እስክርቢቶ፣ የኮምፒዩተር ፍላሽ ወይም በደማቅ ቀለም የተቀባ ትንሽ ሣጥን ይመስላል። በልጁ ክፍል የፍራፍሬ ወይም የከረሜላ ሽታ ከተሰማና ምንጩ ካልታወቀ፣ በትዕግሥት መጠየቅ ይገባል። ከመምታትና ከመሳደብ በፊት ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ይሻላል፤ ልጆች ብዙ ጊዜ በውስጡ ኒኮቲን መኖሩን ሳያውቁ ውሃ ብቻ መስሏቸው ይጀምሩታል። ያለቀውንም ዕቃ በምድጃ ውስጥ ወይም ከቆሻሻ ጋር በእሳት መጣል አደገኛ ነው፤ በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሊፈነዳ ይችላልና። ፈሳሹም ሕፃን ቢውጠው ይመርዛል፤ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰ እንደሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

የጉመር ሰዎች እንሰቱን ሲተክሉ ዓመታትን ጠብቀው ነው፤ ልጅ ማሳደግም ንግድን ማቆምም እንደዚሁ ነው። ወደ አረቅጥ ለመሄድ የሚያስብ ካለ በመስቀል ሰሞን ይሂድ፤ ብርድ ልብሱን አይርሳ፣ ጀፎረውን በእግሩ ይሂድበት፣ ክትፎውን በቆጮ ይቅመስ። ከገበያውም የሚገዛው ነገር ካለ ሻጩን ስሙን ይጠይቅ፤ በዚያ አገር ዕቃው ከሻጩ ስም ጋር ነው የሚሸጠው። እግዚአብሔር የነጋዴዎቻችንን ሥራ ይባርክ፤ ልጆቻችንንም ከክፉ ሱስ ይጠብቅልን።